የኖራ ሞጁል፦ በጋራ ለምናቀርበው ሐሳብ የዕቅድ ውይይት (ጎንደር)

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ተማሪዎች የቁስ ዝውውርን እና የማቴሪያል ሳይንስን ኮርሶች በአንድ የላብ ሥራ እናገናኝ ብለን ኖራ መርጠናል። ፋሲል ግቢ ሥር ለሚማር ተማሪ ከዚህ የቀረበ ቁስ የለም፤ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነው ኋላ በኖራ እንዲተካ የተደረገበት ቦታ ነው። ረቂቁን አይታችሁ አርሙ።

ኬሚካል ምህንድስና፦ ከማቃጠሉ ልጀምር። 50 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ በደንብ ከበሰለ 28 ግራም ይቀራል፤ 22ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። 30 ከቀረስ? ቅሪቱን አስቀድመው ጥቂት በጥቂት ውሃ ውስጥ በመጨመር ውሃ ያጠጡት፣ ሲቀዘቅዝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ አልበሰለም፤ አረፋ ሳያወጣ ዝቃጭ ከተወ ድንጋዩ ሲሊካ ወይም ሸክላ አለበት። ውሃው ካልቀደመ የሙቀቱን እንፋሎት አረፋ ነው ብለው ይሳሳታሉ። ደግሞ እዚህ የአየር ግፊቱ 79 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ በራሱ ጋዝ በተሞላ ምድጃ ውስጥ ድንጋዩ የሚፈርስበት ሙቀት ከባሕር ጠረፉ በ15 ዲግሪ ገደማ ያንሳል። የጋዙን ግፊት ከሙቀቱ ጋር በሚያያይዘው በቫንት ሆፍ እኩልታ ያስሉት።

ላቦራቶሪ፦ እስማማለሁ ዶክተር። ከምድጃ የወጣው ግን በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ክዳናም ዕቃ) ይቀዝቅዝ፤ አየር ላይ ከተተወ እርጥበት ስቦ ክብደት ይጨምራል። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ያው ናሙና ተመልሶ ይገባል፣ የሁለት ተከታታይ ምዘና ልዩነት ከ0.01 ግራም እስኪያንስ።

ማቴሪያል ሳይንስ፦ እኔን ያሳሰበኝ ረቂቁ ስለ ኖራና አሸዋ ድብልቁ «ናሙናው በተዘጋ ሣጥን 28 ቀን ይቆይ» የሚለው ነው። 28 ቀን የሲሚንቶ ልማድ ነው። ሣጥኑ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ነውና፦ 100 ሊትር አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ እዚህ ግፊት ላይ ውሃ የጠጣ ኖራ 0.1 ግራም ብቻ ነው የሚያጠነክረው። ተማሪው ናሙናውን ሰብሮ ፌኖልፍታሊን (ያልጠነከረውን ኖራ ሮዝ የሚያደርግ ጠቋሚ) ሲረጭበት ዳር እስከ ዳር ሮዝ ይሆንበታል፣ «ኖራ አይጠነክርም» ብሎም ይጽፋል። ኖራው ግን አልበደለም፤ ጋዙ አልቆበት ነው።

ስለዚህ ሣጥኑ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ በትንሽ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ አየር ይግባበት። አየሩ የገበታ ጨው እስኪጠግብ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ይለፍ፤ እርጥበቱ 75 በመቶ አካባቢ ይረጋል። ከታች ያልሟሟ ጨው ካልታየ ይጨመርበት።

ኬሚካል ምህንድስና፦ ደረቅ አየር ብናስገባስ? ይቀላል።

ማቴሪያል ሳይንስ፦ አይሆንም። ቀዳዳዎቹ ከደረቁ ጋዙ የሚሟሟበት ውሃ ያጣል። በውሃ ከተሞሉም አይሆንም፤ ጋዙ በውሃ ውስጥ ከአየር 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የውጭ ግድግዳ የማይለሰነው ለዚሁ ነው።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ አንቀጹ እንዲህ ይሁን፦ «1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ የታጠበ አሸዋ፣ 40 በ40 በ160 ሚሊሜትር፣ 15 ናሙና፤ በ7፣ 14፣ 28፣ 56 እና 90ኛው ቀን ሦስት ሦስቱ ይሰበራሉ። ሮዝ ያልሆነው ጠርዝ ጥልቀት ከቀኑ ስኩዌር ሩት ጋር በግራፍ ይነጻጸራል።» ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ስለሆነ እስከ 3ኛው ሳምንት ካልተቦካ 90ኛው ቀን አይደርስም። ከቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ናሙና ይፈልፈል የሚለውን ሰርዤዋለሁ። የደህንነቱን ክፍል ላቦራቶሪ ይጻፍልን፦ መነጽር፣ ጓንት፣ የተቃጠለውን ኖራ ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃ መጨመር፤ ውሃውን ኖራው ላይ ማፍሰስ ክልክል።