ክርክር፦ ዳግማዊ ዮሴፍን «ሕዝቡ አልተቀበለውም» ማለት ተገቢ ነውን?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት አንዲት አባላችን «የኦስትሪያው ዳግማዊ ዮሴፍ ሕዝቡን ሳያማክር ሕዝቡን ሊያሻሽል የተነሣ፣ ሕዝቡም ስላልተቀበለው የከሸፈ ንጉሥ ነው» ብለው የጻፉት ዐረፍተ ነገር ብዙ ተቃውሞ ስላስነሣ ዛሬ ለብቻው እንከራከርበታለን። ለማስታወስ ያህል፣ ዮሴፍ በ1741 ተወለደ፤ በ1765 የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ተባለ፤ የቤተሰቡን የሀብስቡርግን ሥርወ መንግሥት ግዛቶች ግን እስከ 1780 ድረስ ከእናቱ ከማሪያ ቴሬዛ ጋር፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1790 ድረስ ብቻውን ገዛ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እናቱን አያቶቻችን በጠገራ ብር ላይ ያውቋታል፤ በብሩ ላይ የተቀረጸው 1780 እርሷ የሞተችበት፣ ልጇም ሥልጣኑን የጠቀለለበት ዓመት ነው። ከጠገራው ብር አልፎ ወደ አገራችን ነገሥታት ማንም እንዳይሻገር አደራ እላለሁ፤ ከተሻገርን አንመለስም።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ዐረፍተ ነገሩን የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ መከላከሉም የእኔ ፈንታ ነው። በዐሥር ዓመት ውስጥ 6 ሺህ ያህል ድንጋጌ የሚያወጣ ንጉሥ፣ ተገዢው አንዱን ሳይለምድ ሌላውን ይጭንበታል። የቀብሩን ትእዛዝ ተመልከቱ። በ1784 ሙታን ያለ ሣጥን፣ በከረጢት ተሰፍተው እንዲቀበሩ አዘዘ፤ ወደ መቃብር የሚወሰዱበት ሣጥን የጋራ ሲሆን፣ ወለሉ እንደ በር ተከፍቶ አስከሬኑን ጉድጓዱ ውስጥ ከጣለ በኋላ ለሚቀጥለው ሟች ይመለሳል። እንጨት ይቆጠባል፣ አስከሬንም ቶሎ ይፈርሳል፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን እናቱን ሊቀብር የወጣ ሰው ስለ እንጨት ዋጋ አያስብም። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ትእዛዙም በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1785 መጀመሪያ ላይ ተሻረ። የ1787ቱም የወንጀል ሕግ እንዲሁ ነው፤ ለመደበኛ ወንጀሎች የሞት ቅጣትን ያስቀረ ተብሎ ይወደሳል፣ በሞት ምትክ ካስቀመጣቸው ቅጣቶች አንዱ ግን እስረኞች በዳኑብ ወንዝ ላይ ጀልባ ከወራጁ ተቃራኒ በገመድ እንዲጎትቱ ማድረግ ነበር፤ ከተፈረደባቸውም ብዙዎቹ በሥራው ላይ አለቁ። ወራሹ ሊዮፖልድ ይህን ቅጣት በ1790 አስቀረው።

የታሪክ መምህሩ፦ ስለ ዮሴፍ ሌላ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ያንን ሣጥን ስለሚያውቅ፣ በእያንዳንዱ ክርክር ላይ መነሣቱ አያስገርመኝም። እኔ የምጠይቀው በእህቴ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ሕዝቡ» የተባለው ማን እንደሆነ ነው። በሀንጋሪ እምቢ ያሉት በዋናነት ግብር የማይከፍሉት መኳንንት ናቸው። የሀንጋሪ ነገሥታት በሚነግሡበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘውድ ስላልነገሠ «ባለ ባርኔጣው ንጉሥ» እያሉ ይሳለቁበት ነበር፤ በ1784 ዘውዱን ወደ ቪየና ሲያስወስድ፣ በዚያው ዓመትም በላቲን ፈንታ ጀርመንኛን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሲያደርግ ቁጣቸው ገነፈለ። ያዘዘውን የሕዝብ ቆጠራም ጠሉት፤ የሚቆጠር ሰው ነገ ግብር እንደሚጠየቅ ገብቷቸዋልና።

አሁን ደግሞ ወደ ጭሰኛው እንምጣ። በኅዳር 1781 ለቦሂሚያ፣ ለሞራቪያና ለሲሌዢያ የወጣው አዋጅ ጭሰኛው ያለ ጌታው ፈቃድ እንዲያገባ፣ ከመሬቱ እንዲለቅ፣ ልጁንም የእጅ ሥራ እንዲያስተምር ፈቀደለት። በ1789 ደግሞ ገበሬው ከምርቱ 70 በመቶውን ለራሱ አስቀርቶ ቀሪውን ለጌታውና ለመንግሥት በገንዘብ እንዲከፍል፣ ሁዳድ መሥራቱም እንዲቀር የሚያደርግ ሥርዓት ታወጀ። ይህን ያስጣለው የመኳንንቱ ጫና ነው፤ ሊዮፖልድ በ1790 ሰረዘው፣ የቦሂሚያ ገበሬም እስከ 1848 ድረስ በሁዳድ ላይ ቆየ። እንግዲህ ገበሬው አልተቀበለውም የምንለው በምን ማስረጃ ነው? ዮሴፍ በ1769 በሞራቪያ ሲጓዝ ስላቪኮቪትሴ በተባለ መንደር አጠገብ ሠረገላው እስኪጠገን ድረስ የአንድ ገበሬ ሞፈር ይዞ ጥቂት ትልም አርሶ ነበር፤ ሥዕሉ በየገበሬው ቤት እስከሚሰቀል ድረስ ታሪኩ ሲወራ ኖረ። ትልሙ ጠማማ ነበር ቢባል እንኳ አልከራከርም።

ከቪየና የሚጽፉ አባል፦ እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው ዮሴፍ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆቼን ይዤ የምሄድበት የአውጋርተን መናፈሻ ቀድሞ የቤተ መንግሥቱ ብቻ ነበር፤ በ1775 ለሁሉም ሲከፍተው በሩ ላይ ያስጻፈው ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል፣ ለሰዎች ሁሉ ከአክባሪያቸው የተሰጠ መዝናኛ ነው ይላል። በአንጻሩ በ1784 ከከፈተው ታላቅ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ይታጎሩበት የነበረ ባለ አምስት ፎቅ ክብ ግንብ አለ፤ ቪየናውያን ከቅርጹ የተነሣ በኬክ ስም ይጠሩታል። ሕሙማኑ ከወህኒና ከጎዳና ወጥተው በሐኪም እጅ እንዲሆኑ ማሰቡ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዙሪያውን እየተደረደሩ የተሠሩትን ጠባብ ክፍሎች ያየ ሰው ግን የሚያስታውሰው ሐኪሙን ሳይሆን ጠባቂውን ነው። ሁለቱም በሮች፣ የመናፈሻውም የግንቡም፣ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው።

ዲያቆኑ፦ የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ ማንም ስላላነሣው በአጭሩ ልጨምር። ያስተምራሉ ወይም ሕሙማንን ያስታምማሉ ብሎ ያላመነባቸውን 700 ያህል ገዳማት ዘጋ፤ የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 6ኛ በ1782 ራሳቸው እስከ ቪየና ድረስ መጥተው ቢለምኑትም አልተመለሰም። ከገዳማቱ የተገኘው ገንዘብ ለአዳዲስ አጥቢያዎች መዋሉን አልክድም፤ ለጸሎት ብቻ የሚኖር መነኩሴ ጥቅም የለውም የሚል ሚዛን ግን እኔ የምቀበለው ሚዛን አይደለም። በ1781 ለፕሮቴስታንቶቹ ለሉተራውያንና ለካልቪናውያን የሰጠው ነጻነትም ቢሆን ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ነው፤ የጸሎት ቤታቸው ደወልና ማማ አይኖረውም፣ በሩም ወደ ዋናው መንገድ አይከፈትም። አይሁድ በ1782 ትምህርት ቤትና የእጅ ሙያ ተከፈተላቸው፤ የንግድ መዝገባቸውን ግን በዕብራይስጥም፣ ይዲሽ በተባለው መነጋገሪያ ቋንቋቸውም እንዳይጽፉ ተከለከሉ፣ በ1787 ደግሞ የጀርመን የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ታዘዙ።

የሕግ ባለሙያዋ፦ መምህር፣ ገበሬው ተቀብሎት ነበር ካሉ ሆሪያን መዝለል አይችሉም። ይህ የትራንሲልቫኒያ (የዛሬዋ ሮማንያ ክፍል) ጭሰኛ ከአንድ ጊዜ በላይ ቪየና ድረስ ሄዶ አቤቱታ አቅርቧል። በ1784 መጨረሻ ገበሬዎቹ ንጉሠ ነገሥቱ ከእኛ ጋር ነው ብለው በመኳንንቱ ላይ ሲነሡ ያ ንጉሠ ነገሥት ጦር ላከባቸው፤ በፌብሩዋሪ 1785 ሆሪያና ጓደኛው ክሎሽካ የገዛ ወገኖቻቸው ለማየት በተሰበሰቡበት በመንኰራኩር ተሰባብረው ተገደሉ። ጭሰኝነትን በሀንጋሪና በትራንሲልቫኒያ የሚያነሣው አዋጅ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ነው። ገበሬው በራሱ አፍ ሲናገር የተሰጠው መልስ መንኰራኩር፣ ዝም ካለ በኋላ ደግሞ አዋጅ ሆነ።

የታሪክ መምህሩ፦ ስለ ሆሪያ የተባለው እውነት ነው፤ ለዮሴፍ ይቅርታ የምፈልግለት አይደለሁም። ሆኖም አንድ ነገር ይታይልኝ። በጃንዋሪ 1790፣ ቤልጂግ በዐመፅ ከእጁ ወጥታ፣ የቱርኩ ጦርነት አድክሞት፣ ራሱም በሳንባ በሽታ ሊሞት ተቃርቦ ሳለ የሀንጋሪን ድንጋጌዎች ሻረ፤ ዘውዱም ወደ ቡዳ ተመለሰ። ሳይሽር ያስቀራቸው ስለ ጭሰኞች፣ ስለ ሃይማኖት መቻቻልና ስለ አጥቢያ ካህናት የወጡትን ነው። ሁሉም ነገር ከእጁ ሲወጣ የያዘው እነዚህን ከሆነ፣ ከሸፈ የሚለው ቃል ለማን እንደሚስማማ እንደገና መታሰብ አለበት፤ ለመኳንንቱማ ዘውዳቸው ተመልሶላቸዋል።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ይህን እቀበላለሁ። በዐረፍተ ነገሬ ውስጥ «ሕዝቡም ስላልተቀበለው» ያልሁትን «መኳንንቱም ስላልተቀበሉት» በሚለው እተካለሁ፤ «የከሸፈ» የሚለውንም «በከፊል የከሸፈ» አደርገዋለሁ። «ሳያማክር» የሚለው ግን እንዳለ ይቆያል።