የማቹ ፒቹ ጉዞ፦ ረቂቁ ላይ እንነጋገር

ረቂቁን የጻፍኩት እኔ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው እሁድ ኦልድ ራግ ተራራን ወጥተን ስንወርድ መኪና ማቆሚያው ላይ የተጀመረው ወሬ ይኸው ቁም ነገር ሆነ። ፔሩ እንሂድ፣ የጥንቶቹን የኢንካዎችን መንገድ በእግራችን እንጨርሰው፣ ተራራ ላይ ያለችው ጥንታዊ ከተማቸው ማቹ ፒቹ እንግባ። ኮሚቴው በጽሑፍ አምጡ ስላለ ረቂቁን ከፍቼዋለሁ። ግቡና አበላሹት።

መስመሩ ይህ ነው። ከኩስኮ ወጥተን ኪሎ ሜትር 82 ከሚባለው የባቡር ሐዲድ ዳር እንጀምራለን። 4 ቀን፣ 3 ሌሊት፣ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከባዱ 2ኛው ቀን ነው፤ ዋርሚዋኙስካ የሚባለውን 4,215 ሜትር ከፍታ እንሻገራለን። በኢንካዎቹ ቋንቋ በኬችዋ «የሞተች ሴት» ማለት ነው። አትደንግጡ፣ ሸንተረሩ ከሩቅ ሲያዩት የተጋደመች ሴት ስለሚመስል ነው። ከዚያ ወዲያ ፍርስራሹ ይከታተላል፦ ሩንኩራካይ፣ ሳያክማርካ፣ ከደመና በላይ የተቀመጠው ፑዩፓታማርካ፣ ገደሉ ላይ እርከን በእርከን የተሠራው ዊኛይ ዋይና። በ4ኛው ቀን ንጋት ኢንቲፑንኩ፣ ማለትም የፀሐይ በር ላይ ቆመን ማቹ ፒቹን ቁልቁል እናያለን።

በረቂቁ አናት ላይ «ኤልጂቢቲ አባላትን የሚያቅፍ ጉዞ» ብያለሁ። ሐረጉ ያምራል፣ ውስጡ ግን ገና ባዶ ነው። እሱን እንሙላ።

ገንዘብ ያዡ፦
እኔ ደግሞ ከገንዘቡ ልጀምር። በዚያ መንገድ በቀን የሚገባው 500 ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ተሸካሚና አስጎብኚ ተቆጥሮ። ለተጓዥ የሚተርፈው 200 ገደማ ነው። ፈቃዱ በፓስፖርት ስምና ቁጥር ስለሚቆረጥ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ «እመጣለሁ» ብሎ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ። ባለፈው ክረምት ለተከራየነው ቤት የሦስት ሰው ድርሻ ከኪሴ ነው የከፈልኩት፣ አልረሳሁትም።

ከአትላንታ፦
ጋሼ፣ እኔ ከፍያለሁ እኮ! ዘግይቼ ነው እንጂ።
ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ፔሩ ለእኛ ለዜጎች፣ ለኤልጂቢቲዎች ማለቴ ነው፣ እንዴት ናት? ኩስኮ በየአደባባዩ የቀስተ ደመና ባንዲራ ሲውለበለብ በቪዲዮ አይቼ ልቤ ሞቀ።

ረቂቁን የጻፍኩት፦
ሃሃ፣ እኔም መጀመሪያ ተሸውጄ ነበር። እሱ የከተማው ባንዲራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የኩስኮ ነው፣ 7 ቀለም አለው፣ የእኛ 6። ሰው እየተሳሳተ ሲያስቸግር በ2021 መሐሉ ላይ የወርቅ ፀሐይ ጨመሩበት። ስለዚህ ባንዲራ አይተሽ ማንንም እንዳትጠመጠሚ።

ሕጉን ስትጠይቂ፦ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ከ1924 ጀምሮ ወንጀል አይደለም። በጾታ ዝንባሌ ምክንያት አድልዎ መፈጸም ደግሞ ከ2017 ወዲህ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። ጋብቻችንን ግን አገሪቱ አታውቀውም። ባልና ባል ሆናችሁ ብትሄዱ እዚያ ሁለት ጓደኛሞች ናችሁ። ስለዚህ አንዳችሁ ብትታመሙ ሐኪም ቤት ማን ይወስናል የሚለውን ወረቀት ከዚህ አስፈርማችሁ ያዙ። ዋና ከተማው ሊማ ውስጥ ሚራፍሎሬስ የሚባለው ሰፈር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድና ተራራው ላይ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ መሄድ አንድ አይደለም። ይህንንም ረቂቁ ላይ በግልጽ ልጽፈው ነው፣ ማስታወቂያ እያሳመርን ሰው አንሸውድ።

ከሲያትል፦
መግቢያው ላይ «ኢንካዎች እንደ እኛ ያሉ ሰዎችን ያከብሩ ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር ብናስገባስ?

ረቂቁን የጻፍኩት፦
አይሆንም ወንድሜ። ኢንካዎች በገመድ ቋጠሮ ሒሳብ ይይዙ ነበር እንጂ ስለ ራሳቸው የጻፉት ነገር የለም። ያለን ስፔኖች ከመጡ በኋላ የተጻፈ ነው። አንዱ በቤተ መቅደስ የሴት ልብስ የሚለብሱ ወንዶች ነበሩ ይላል፣ ሌላው ኢንካዎች እንዲህ ያለውን ሰው በእሳት ይቀጡ ነበር ይላል። እኛን ለማስደሰት ብለን ታሪክ አንፍጠር። ድንጋዩ ራሱ ይበቃል።

የትራክ ሹፌሩ፦
ኩስኮ 3,400 ሜትር ላይ ናት። «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም» የምትሉ ሁሉ፣ ሜሪላንድ 15 ዓመት ተቀምጣችሁ ሳምባችሁ አዲስ አበባን ረስቷል። ከአውሮፕላን ወርደን በቀጥታ ወደ ኦያንታይታምቦ ዝቅ ብለን ሁለት ሌሊት እንደር። 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ይሻላል።
ሌላ ነገር፣ እዚያ ለከፍታው ብለው የኮካ ቅጠል ሻይ ያቀርባሉ። በአገሩ ሕጋዊ ነው፣ እንደ እኛ ቡና ነው የሚያዩት። ግን ሽንት ምርመራ ላይ ኮኬይን ብሎ ይወጣል። እኔ ድንገተኛ ምርመራ አለብኝ፣ ለአንድ ስኒ ሻይ ብዬ መንጃ ፈቃዴን አላጣም። ሹፌሮችና ሆስፒታል የምትሠሩ፣ ልብ በሉ። ቅጠሉንም በቦርሳ ይዛችሁ አትመለሱ።

እትዬ (ልጃቸውን አጅበው የሚመጡት)፦
ልጆቼ፣ እኔ ጉልበቴ ከቻለ እመጣለሁ። ልጄ «እማዬ አትችይም» ይለኛል፣ ኦልድ ራግን ግን ቀድሜው ነው የወጣሁት። ቀኑን ብቻ ከፍልሰታ አታጋጩብኝ። ጾም ላይ ሆኜ ያን ዳገት አልችለውም።

ረቂቁን የጻፍኩት፦
እሺ እትዬ፣ ገብቶኛል። ደረቁ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ኦገስት መጨረሻ ብለን እንያዝ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤታችን እንገባለን። የረቡዕና የዓርቡን ምግብ ለድርጅቱ አስቀድመን እንነግራለን፤ ድንችና ኪኑዋ እንደሆነ አይጠፋም።

ስሟን ያልጻፈች አባል፦
እኔ ትራንስ ነኝ፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ገና የድሮው ስሜ ነው። ፈቃዱ የሚቆረጠው በዚያ ስም ነው፣ መግቢያው ላይ ሰልፍ ተይዞ ፓስፖርት ይታያል። አስጎብኚው ዝርዝሩን ይዞ ያንን ስም ጮክ ብሎ ሲጠራው አሁን ሆኖ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ደርሶብኛል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ የቀረውን ቀን መሬት መሬት እያየሁ ነው የሄድኩት። እሱ ካልተስተካከለ እኔ እቀራለሁ።

የትራክ ሹፌሩ፦
በአባት ስም ይጥራን! ሁላችንንም። ፓስፖርታችን ላይ አለ፣ ማንም ለብቻው አይለይም። እኔም ደስ ይለኛል፣ ነፍሱን ይማረውና አባቴ በኢንካ ተራራ ላይ ይጠራል።

ስሟን ያልጻፈች አባል፦
አስለቀስከኝ አንተ ሰውዬ። እሱ ይሁን።

ረቂቁን የጻፍኩት፦
ገብቷል። እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ «የሚያቅፍ» ለሚለው ቃል ሥጋ የሰጠው ይህ ነው። እኔ ደግሞ ድንኳኑን ልጨምር። ድርጅቶቹ ካልነገርናቸው ወንድን ከወንድ፣ ሴትን ከሴት አድርገው ይመድባሉ። እኛ ግን እያንዳንዱ ሰው ከማን ጋር እንደሚያድር ራሱ ይጻፍ፣ ብቻዬን የሚልም ብቻውን። ድርጅት ስንመርጥ ይህንንና የአባት ስሙን ጉዳይ ቁርጥ አድርገን እንጠይቃለን። መልሱ «ችግር የለም፣ እዚያ ስትደርሱ እናያለን» ከሆነ እናልፈዋለን።
ስለ ተሸካሚዎቹም እንጠይቅ። አንድ ሰው ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ሕግ አለ፣ የሚያከብረውም የማያከብረውም ድርጅት አለ። ስለዚህ ሦስት ጫማ ይዞ የሚመጣ ሰው ራሱ ይሸከመው።

ከአትላንታ፦
ፎቶስ? እኔ አዲስ አበባ እናት አለችኝ፣ በየዓመቱ እገባለሁ። አገር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚያስቀጣው አንቀጽ 629 አለ፣ ከሕጉ በፊት ደግሞ ጎረቤት አለ። ፀሐይ በሩ ላይ የተነሳነው ፎቶ ቲክቶክ ላይ ቢወጣ ለእኔ ቀልድ አይደለም።

ገንዘብ ያዡ፦
ትክክል ነሽ። ሁለት ፎቶ እንነሳ። አንዱ መውጣት ለሚፈልጉ ብቻ፣ ሌላው ለሁላችን፣ እሱ ከእኛ ስልክ አይወጣም። ምዝገባው ላይ ይፈረም፤ ያላከበረ በሚቀጥለው ጉዞ የለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁም ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ ከወዲሁ ጀምሩ። የአሜሪካ ለያዘ አያስፈልግም።

ረቂቁን የጻፍኩት፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ። ሐሙስ ማታ ለኮሚቴው እልካለሁ፣ እስከዚያ የድንኳን ስማችሁን ጻፉ።

እትዬ፦
እኔን ከማን ጋር ልታደርጉኝ ነው? አንኮራፋለሁ፣ ከአሁኑ ይታወቅ። ልጄ ከእኔ ጋር አላድርም ብሏል።

ስሟን ያልጻፈች አባል፦
ከእኔ ጋር እትዬ። እኔም አንኮራፋለሁ።