የኢስትማን ኬሚካል አክሲዮን ልግዛ? ምክር ፈልጌ ነው

የመንገድ ሰው (አትላንታ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአትላንታ ወደ ቴነሲና ቨርጂኒያ የምመላለስ የትራክ ሹፌር ነኝ። ባለፈው ክረምት ከፊቴ ካለ መኪና የተፈናጠረ ድንጋይ የፊት መስታወቴን መታው። ከዳር እስከ ዳር እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ፣ ግን አንዲት ስባሪ እንኳ ጭኔ ላይ አልወደቀችም። መስታወቱን የቀየረልኝ ልጅ የአሮጌውን ጠርዝ አሳየኝ። በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለውን ስስ ፕላስቲክ በጣቱ ሳብ ሲያደርገው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ።

ሳጣራ ይህን ከሚሠሩት ጥቂት ኩባንያዎች አንዱ ኢስትማን ኬሚካል ነው። ሌሎቹ የጃፓኖቹ ኩራሬይና ሴኪሱይ ናቸው። ኢስትማን ማለት ደግሞ ቴነሲ ውስጥ ኪንግስፖርት ከተማ ጭነት ሳደርስ ሆልስተን ወንዝ ዳር ሌሊቱን ሙሉ መብራቱ የሚታየኝ ፋብሪካ ነው! በ1920 የኮዳኩ ጆርጅ ኢስትማን ለፊልም ሥራው ኬሚካል እንዲያቀርብለት መሠረተው፣ በ1994 ራሱን ችሎ ከኮዳክ ወጣ። ኮዳክ በ2012 ለኪሳራ ሲዳረግ ይሄኛው ቆሞ ቀረ።

በ2025 መጀመሪያ 90 ዶላር አካባቢ የነበረው አክሲዮን ዓመቱ ሲያልቅ 60ዎቹ ውስጥ ገባ። ለአንድ አክሲዮን በየሩብ ዓመቱ 83 ሳንቲም የትርፍ ድርሻ ሲከፍል ነበር፤ በዚያ ዋጋ በዓመት ከ5 በመቶ በላይ ይሆናል። ለልጄ ኮሌጅ ያስቀመጥኩት 12,000 ዶላር አለኝ፣ ልትገባ አራት ዓመት ቀርቷታል። ሁሉንም ላስገባው? የምታውቁ ምከሩኝ።

የላብ ሰው (ሂውስተን)፦
ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። እኔ 14 ዓመት አንድ የፖሊመር ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ የማየውን ልንገርህ።

ተራ ፕላስቲክ ገዢው በሳንቲም የረከሰበት ጋ ይሄዳል። ልዩ ኬሚካል የሚባለውን ግን ደንበኛው ፈትኖ አጽድቆ ነው የሚገዛው። እኛ አንድ የመኪና ማጣበቂያ ለማስጸደቅ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶብናል። ናሙናውን 85 ዲግሪ ሙቀትና 85 በመቶ እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ 1,000 ሰዓት እናቆየዋለን፣ ከዚያ እያወጣን እስኪቀደድ እንስበዋለን። ይህን ሁሉ ያለፈ ደንበኛ ለትንሽ ቅናሽ ብሎ ጥሎህ አይሄድም። የዘርፉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

ግን ባይለቅህም ትዕዛዙን ይቀንስብሃል። ቤትና መኪና አልሸጥ ሲል መጋዘኑ ያለውን እስኪጨርስ ድረስ አያዝም፣ 2023 እንደዚያ ነበር። ፋብሪካው በግማሽ አቅሙ ቢሠራም ቦይለሩ ይነዳል፣ ደሞዝ ይከፈላል፣ ጥገናም አይቀርም። ስለዚህ ሽያጩ ጥቂት ሲወርድ ትርፉ ብዙ ይወርዳል።

ሌላው አገር ቤት ያመጣነው ልማድ ነው። የባንክ አክሲዮን ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ዘንድሮ ስንት ከፈለ?" ብለን ነው። እዚህ መጀመሪያ ዕዳውን ጠይቅ። ሴላኒዝን እይ፣ እዚሁ ቴክሳስ ያለውን ኬሚካል ኩባንያ። በ2022 የዱፖንን አንድ የፕላስቲክ ክፍል በ11 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፣ አብዛኛው በብድር። ገበያው ሲቀዘቅዝ ወለዱ አልቀዘቀዘም። ኖቬምበር 2024 ላይ የሩብ ዓመቱን የትርፍ ድርሻ ከ70 ሳንቲም ወደ 3 ሳንቲም እንደሚያወርድ አስታወቀ፣ አክሲዮኑም በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወደቀ። የኢስትማን ዕዳ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ግን ሁለቱንም የሚመታው ንፋስ አንድ ነው።

እኔ 2021 ላይ የአንድ ሌላ ኬሚካል ኩባንያ አክሲዮን በ9,000 ዶላር ገዛሁ። 2023 ላይ እናቴ ታመመችና በ5,200 ሸጥኩት። መሸጥ የሌለብኝ ጊዜ ነበር፣ ግን ሕክምናው አይጠብቅም። የልጅህ የኮሌጅ ክፍያም እንደዚያው ነው። ያንን ገንዘብ አትንካው፣ እባክህ።

ነርሷ (ሜሪላንድ)፦
ስለ አክሲዮን ብዙ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር ሳትሰማ እንዳትገዛ ብዬ ነው። ኢስትማን ለሲጋራ ፊልትር የሚሆነውን አሴቴት የሚባል ቃጫም ይሠራል፣ የፋይበር ክፍሉ ገቢ በአብዛኛው ከዚያ ነው። የሳንባ ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው፣ እኔ እጄን አልሰድም። በ2024 እዚያው ኪንግስፖርት ያገለገለ ፕላስቲክን ፈትቶ እንደ አዲስ የሚሠራ ፋብሪካ መጀመሩን ግን ወድጄለታለሁ። ሁለቱም አንድ አክሲዮን ውስጥ ናቸው፣ ለይተህ መግዛት አትችልም።

የመንገድ ሰው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጄ ገንዘብ ባንክ በጊዜ ገደብ ይቀመጣል፣ አለቀ። ከራሴ የጡረታ አካውንት 1,500 ዶላር ልሞክር እያሰብኩ ነበር። የሲጋራውን ነገር ግን አላውቅም ነበር። እህቴ፣ አባቴ ያረፉት በሳንባ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሳልነጋገር አልወስንም። ለማንኛውም ሐሙስ ኪንግስፖርት የ10 ሰዓት የግዴታ እረፍት አለኝ፣ ዓመታዊ ሪፖርቱንም ስልኬ ላይ አውርጃለሁ። የላብ ሰው፣ ከየት ልጀምር?

የላብ ሰው፦
የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ከሚለው ሰንጠረዥ። ከሥራ የተገኘውን ገንዘብ ጻፍ፣ ለፋብሪካና ለመሣሪያ የወጣውን ቀንስ። የቀረው የትርፍ ድርሻውን ይሸፍን እንደሆነ እይ፣ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለሦስት ዓመት። ቀጥለህ ስለ ዕዳ የሚለው ጋ ሂድና በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የሚከፈለውን ከሌላው ለይ። ቁጥሮቹን እዚህ ለጥፍልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን። መልካም መንገድ።