ወንድሜ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ታስሯል፤ ፍርድ ቤት የሚያቀርቡት መቼ ነው?

የመርካቶዋ፦
ሰላም ወገኖች። ታናሽ ወንድሜ ዕቃ ሊያመጣ ጓንግዡ እንደገባ ኤርፖርት ላይ ተያዘ። 11 ቀኑ ነው። ሰው «አደራ አድርስልኝ» ብሎ በሰጠው ሻንጣ ውስጥ ዕፅ ተገኘ አሉ። እዚህ ቢሆን በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት ይቀርብ ነበር። ሄጄ ልጠይቀው ይሆን? እናታችን እህል አልቀምስም ብላለች።

ጓንግዡ የከረመ፦
አይዞሽ እህቴ። ትኬቱን ተዪው። ፍርድ እስኪሰጥ ቤተሰብ አያስገቡም፤ የሚያገኘው ጠበቃና የቆንስላ ሰው ነው። ቆንስላችን እዚያው ጓንግዡ ስላለ ዛሬውኑ ደውዪ። ጠበቃው የቻይና ፈቃድ ያለው መሆን አለበት።

ሕግ አንባቢ፦
48 ሰዓቱን እርሺው። እዚያ «ይታሰር» ብሎ የሚፈቅደው ዳኛ ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ ነው። ፖሊስ ሰውየውን እስከ 30 ቀን ይዞ ለዐቃቤ ሕጉ ሊያመለክት ይችላል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ በ7 ቀን ይወስናል። የአገሩ ጠበቆች «ወርቃማው 37 ቀን» ይሉታል፤ ጠበቃ ሊሮጥ የሚገባው ያኔ ነው። ክስ ተመሥርቶ ችሎት ከደረሰ፣ ከ100 ተከሳሽ ከ99 በላይ የሚሆነው ጥፋተኛ ነው የሚባለው።

የመርካቶዋ፦
ወይኔ! ታዲያ ዳኛው ምን ይሠራል?

ሕግ አንባቢ፦
በዋናነት ቅጣቱን ይመዝናል። በዕፅ ጉዳይ ግራሙ ወሳኝ ነው። ሄሮይን ወይም ሜታምፌታሚን 50 ግራም ከሞላ ቅጣቱ 15 ዓመት፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ይቅርታ፣ መደበቅ አልፈለግኩም። እንዲህ ያለ ከባድ ክስ መካከለኛው ፍርድ ቤት ይታያል። ችሎቱ ላይ 3 ሰዎች ሆነው፣ አንዳንዴም 3 ዳኞችና 4 ተራ ዜጎች ተቀምጠው በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። ሲከብዳቸው ለፍርድ ቤቱ የውስጥ ኮሚቴ ይመሩታል። ኮሚቴው ሲወያይ ተከሳሹ የለም። የሞት ፍርድ ከ2007 ጀምሮ (በፈረንጅ) ቤይጂንግ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይፈጸምም።

አንቺ የያዝሽው ጭብጥ ግን «ያውቅ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ሻንጣውን ማን ሰጠው? ገንዘብ ተቀብሏል? ምን ተጻጻፉ? ስልክ ላይ ያለውን አንዲት መልእክት እንኳ እንዳታጠፉ።

ሁለት ልጆች እናት፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከ2018 (በፈረንጅ) ወዲህ «ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ቅጣቱንም ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመ ቅጣት ይቀልለታል። ብዙው ሰው ይፈርማል። ሳይገባው ከፈረመ ግን «አላወቅኩም» ማለቱ አበቃ። አስተርጓሚ መብቱ ነው። ጠበቃው ሳይኖር ብዕር እንዳያነሳ።

ጓንግዡ የከረመ፦
ፍርዱ እጁ ከገባ ይግባኝ 10 ቀን ብቻ ነው። እሱ ብቻውን ይግባኝ ካለ ቅጣቱን አይጨምሩበትም። አይፍራ።

የመርካቶዋ፦
ቆንስላው ጋ ደወልኩ፣ ስሙን መዘገቡት። ሻንጣውን የሰጠው ልጅ ደግሞ ለካ ለእናቴ ደውሎላት ነበር፤ ቁጥሩ አለ። ያን ዕለት እኛ ቤት ቡና ጠጥቶ ነው የሄደው።