እህልን ያለ መርዝ ከነቀዝ ለማዳን የቱን ትመክራላችሁ?

ጥያቄ፦ በቆሎና ቦሎቄ የማስቀምጠው እዚያው የምንተኛበት ቤት ውስጥ ነው። ሕፃናት ስላሉኝ የነቀዝ ኪኒን መጨመር ፈራሁ። አንዱ ኒም፣ አንዱ አመድ፣ ሌላው አየር የማያስገባ ከረጢት ይለኛል። የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ኪኒኑ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ እህል ባለበት ክፍል የተኛን ሰው ይገድላል። ሰው የሚያድርበት ቤት በፍጹም እንዳይገባ።

ከዘረዘርሻቸው አንዱን ምረጥ ብትዪኝ ያለ ማመንታት ከረጢቱን እመርጣለሁ። ፒክስ የሚባለው ሁለት ወፍራም ላስቲክ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብቶ ከላይ ጆንያ የለበሰ ነው። ነቀዙ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ መብላትም መራባትም ያቆምና ይሞታል። እህሉ ላይ የሚነሰነስ ነገር ስለሌለ አጥቦ ማስለቀቅ የሚባል ጣጣ የለበትም።

ብቻ አስተሳሰሩ ላይ ቸል አትበዪ። ከመሙላትሽ በፊት ላስቲኩን በአየር ነፍተሽ አፉን ጨብጪና ጫን አድርጊው፤ አየር ካመለጠው ቀዳዳ አለው። ከሞላሽ በኋላ አየሩን ጨምቀሽ አውጥተሽ የውስጠኛውን አፍ ጠምዝዘሽ፣ አጥፈሽ፣ በገመድ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። ሁለተኛውንም ጆንያውንም እንዲሁ ለየብቻ። በየጊዜው እየፈቱ መቅዳት ኦክስጅን መልሶ ያስገባል፤ የሰሞኑን ፍጆታ ቀድመሽ ለይ። አይጥ እንዳይበሳው ደግሞ ከግድግዳ አርቀሽ ርብራብ ላይ አስቀምጪው።

ከሁሉ በፊት ግን እህሉ ይድረቅ። በደንብ ያልደረቀ በቆሎ ታሽጎ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ከነቀዙ የከፋ ነው። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምረሽ ክዳኑን ገጥመሽ ደህና አድርገሽ ነቅንቂው። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ለታሸገ ከረጢት 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ስለሚያስፈልግ፣ ጨው ባይጣበቅም በቆሎውን ደግመሽ ፀሐይ ላይ አስጪው።

አመድ ይሠራል፤ በእህሉ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል። ግን በጣም ብዙ ስለሚፈልግ ለጥቂት ዘር ካልሆነ ለጆንያ እህል አይመችም። ኒም ላይ ብዙ ተስፋ አትጣዪ። ፍሬው ከቅጠሉ ይበረታል፤ ሆኖም ነቀዙን የሚከላከለው ንጥረ ነገር ብርሃን ሲነካው ይበላሻል፣ መራራም ነው። ለብዙ ወር ክምችት ብቻውን አልመክረውም። የዳያቶማይት ዱቄት (ከአንድ ዓይነት ለስላሳ ድንጋይ የሚፈጭ ነው) ካገኘሽ እሱ ይሻላል፤ የነፍሳቱን ሰም መሰል ሽፋን እየመጠጠ ያደርቃቸዋል። ለምግብ እህል የተዘጋጀውን ብቻ ግዢ፣ ስትቀላቅዪም አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ።

ጥያቄ፦ ቦሎቄውም በዚሁ መንገድ ነው?

መልስ፦ ከረጢቱ ለሁለቱም ይሆናል። ለቦሎቄ ግን ቀላል አማራጭ አለሽ፦ የምግብ ዘይት። የበቆሎ ነቀዝ ፍሬውን በአፉ ቦርቡሮ እንቁላሉን ውስጥ ከጣለ በኋላ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ዘይት በቀላሉ አይደርስበትም። የቦሎቄው ነቀዝ ግን እንቁላሉን ከፍሬው ውጭ ነው የሚጥለው፤ ስስ የዘይት ሽፋን አፍኖ ይገድለዋል። ለ1 ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨምረሽ ሁሉም ፍሬ እስኪወዛ እሺው።

ዘይቱ ከተወደደብሽ ጆንያውን ጠዋትና ማታ አገላብጪው። ከእንቁላል የወጣው እጭ ቦሎቄውን በስቶ ለመግባት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ፍሬው በተንከባለለ ቁጥር የጀመረው ቀዳዳ ያመልጠዋልና ሳይገባ ይሞታል። አንዴ ውስጥ የገባውን ግን ማገላበጥ አያወጣውም፤ ስለዚህ ቦሎቄው ተወቅቶ እንደደረቀ ወዲያው ጀምሪ።