የካቲት 23ን ጅማ ላይ እንዴት ታከብራላችሁ?

ጠያቂ፦ ሰላም የጅማ ልጆች፣ አድዋን እዚህ ሳከብር የመጀመሪያዬ ነው፣ ከአዲስ አበባም እንግዶች ይመጡብኛል፣ ሰፈር ውስጥ የሚደረግ ነገር አለ ወይስ ቲቪ ላይ ተጥደን እንዋል?

መልስ፦ ኧረ የምን ቲቪ! እኛ ሰፈር አምና አዋጥተን ድንኳን ተከልን፣ አንድ አባት የአያታቸውን ጋሻ ይዘው መጡ፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ እጀታው በሲባጎ ታስሯል፣ ልጆቹ እሱን ለመንካት ተሰለፉልህ፣ 1888 ያኔ ነው የገባቸው መሰለኝ። ስፒከሩ መሀል ላይ ተቃጠለና በጭብጨባ ጨረስነው ሃሃ

ሌላ መልስ፦ ጠዋት ጅሬን ውሰዳቸው፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይዩ፣ ግን በዓል ስለሆነ ክፍት መሆኑን ቀድመህ አጣራ። ከሰዓት ቡና አፍላ፣ የቡና አገር መጥተው ማኪያቶ እንዳታጠጣቸው አደራ!

ጠያቂ፦ ሃሃ እሺ፣ የድንኳኑ መዋጮ ስንት ነው?