የኦኮነርን ታሪክ ስተረጉም ደግና ክፉው ለምን ተለየብኝ?

ከዚራ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለድሬዳዋ የንባብ ቡድናችን የአሜሪካዊቷን ደራሲ የፍላነሪ ኦኮነርን አጭር ልቦለድ «A Good Man Is Hard to Find»፣ ያንን እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውን፣ ከልጇ ቤተሰብ ጋር ስትጓዝ መኪናቸው የተገለበጠባትን የአያትየዋንና ሁሉንም የሚያስገድለውን የእስር ቤት አምላጭ ታሪክ፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ረቂቁን ያነበቡት ሁሉ «አሮጊቷ ምስኪን፣ ሰውዬው ሰይጣን» ብለው ይዘጉታል። እንግሊዝኛው ግን እንዲህ አይለይም። እሷን «ልጄ፣ ልጄ» እያሰኘኋት፣ እሱን «አንቺ» እያሰኘሁት ነው የሄድኩት። የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት?

ጀጎል፦
ሁለቱም ጋ ነው። መጀመሪያ «አንቺ»ን አውጣው። እኛ ሐረርና ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ብንል ከፍቅር ነው፤ እዚህ ግን የገዳዩ ትሕትና ነው ታሪኩን የያዘው። ሸሚዝ ባለመልበሱ ሴቶቹን ይቅርታ ይጠይቃል። የልጆቹን እናት ወደ ጫካ የሚልካት እንኳ ፈቃዷን እንደሚጠይቅ ሰው ነው። «እርስዎ» ይበል፣ ቤተሰቡ እያለቀም አይለውጥ።

«ልጄ» ይብሳል። በአማርኛ አሮጊት መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ልጄ ትላለች። ታሪኩ የሚፈነዳው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከገዛ ልጆቿ እንደ አንዱ ቆጥራው እጇን ዘርግታ ትከሻውን ስትነካው ነው። እባብ እንደነደፈው ወደ ኋላ ይዘልና ሦስት ጥይት ደረቷ ላይ ይለቃል። አሥር ጊዜ ልጄ ካለችው አሥራ አንደኛው ማንንም አያስደነግጥም። እስከዚያ «አንተ እኮ የጨዋ ልጅ ነህ» እያለች ትለማመጠው፤ እንግሊዝኛውም ላይ የምታባብለው በዘሩ ነው።

«ደግ ሰው» የሚለውንም ከአፏ ቀንሰው። እሷ ጥሩ ሰው ስትል ጨዋ ማለቷ ነው። ለጉዞው ነጭ ጓንት ያጠለቀችው አደጋ ደርሶ መንገድ ላይ ሞታ ብትገኝ ያየ ሁሉ ወይዘሮ መሆኗን እንዲያውቅ ነው።

ሳቢያን፦
ጀጎል ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ሸሚዙን አደራ! ቢጫ፣ ደማቅ ሰማያዊ በቀቀኖች ያሉበት፣ የልጇ የቤይሊ ሸሚዝ። መጀመሪያ ቤይሊ ላይ እናየዋለን፤ እሱ ጫካ ገብቶ ሳይመለስ ሲቀር ገዳዩ ይለብሰዋል። ሁለቱም ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት ቃል ጻፈው፤ አንዱን «ባለ አበባ» ካልከው አንባቢ አያገናኘውም። ጸጋ ጎብኝቷት ነው ልጄ ያለችው ወይስ የልጇን ሸሚዝ አይታ ተምታቶባት? ደራሲዋ ካቶሊክ ናት፣ እሷ ራሷ ቅጽበቱን የጸጋ ብላዋለች፤ ሸሚዙን ግን እዚያው ተወችው። በግርጌ ማስታወሻ አትፍታው።

የገዳዩን ቅጽል ስም (The Misfit) «ሽፍታ» እንዳትል። ሽፍታ በእኛ ቋንቋ የጀግና ሽታ አለው። ሰውዬው ስሙን ያወጣው የሠራው ጥፋትና የተቀበለው ቅጣት አልገጥም ስላለው ነው፤ «አይገጥሜ» ይስማማል።

ከዚራ፦
ተባረኩ። ቡድኑ ውስጥ ፈያታዊ ዘየማንን የሚያነሱ አሉ። ይሄዳል?

ሳቢያን፦
ይሄዳል፣ ግን ተገልብጦ። በመስቀሉ ቀኝ የዳነው ወንበዴው ነው። እዚህ በመጨረሻዋ ደቂቃ ልቧ የተከፈተው ተጓዧ አሮጊት ናት። እሷም ንጹሕ አይደለችም፦ ወዳልነበረ ቤት ያስሄደቻቸው እሷ፣ መኪናውን ያስገለበጠችውን ድመት በቅርጫት የደበቀችው እሷ፣ ገዳዩን በይፋ «አወቅኩህ» ያለችውም እሷ። እነዚህን ሦስቱን ሳታለዝብ ተርጉማቸው።